ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ በጦሩና በመንግሥቱ መካከል የቆሙ ሰው

በአንድ አገር ውስጥ መሣሪያ የያዘው ወገንና ማኅተም የያዘው ወገን እንዴት ተስማምተው ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ፣ መንግሥት ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ የነበረ ጥያቄ ነው። ወታደሩ ከሌለ ማኅተሙ በወረቀት ላይ የደረቀ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ማኅተሙ ከሌለ ደግሞ ወታደሩ ማን እንደሚያዘው፣ ማን እንደሚቀልበውና በማን ስም እንደሚዘምት አያውቅም። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን ሳይውጠው የሚኖሩበትን መንገድ ለማግኘት ብዙ አገሮች ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ብዙ ደምም አፍስሰዋል።

በእኛም አገር ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ታሪካቸውን ለአንባብያን የምናቀርበው ሰው፣ ጥያቄው በዘመናዊ መልኩ በኢትዮጵያ ሲነሣ ከመካከሉ ቆመው የተገኙት የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። ከ1900 ዓ.ም. እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ለ19 ዓመታት ያህል፣ በሦስት የዙፋን ባለቤቶች ዘመን፣ ይህን ሥልጣን ሳይለቁ ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት እንደራሴዎች ተሾመው አልፈዋል፤ አልጋ ወራሽ ተሽሯል፤ ሚኒስትሮች በጅምላ ከወንበራቸው ተነሥተዋል። እርሳቸው ግን በቦታቸው ነበሩ። ይህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት መመርመር፣ የአንድን ሰው ታሪክ ከማወቅ ያለፈ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን።

ከምርኮኛነት እስከ ፊታውራሪነት

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1840ዎቹ ዓመታት ግድም በጨቦ አገር እንደ ተወለዱ ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ ጦራቸው ወደ ጨቦ በዘመተ ጊዜ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በለጋ ዕድሜያቸው ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። የምርኮኛ ልጅ ዕጣ በዚያ ዘመን መራራ ነበር። ከወላጅና ከወገን ተለይቶ በባዕድ ቤት ያድጋል፤ ነገን ለማየት የሚበቃውም የጌታው ፊት ሲበራለት ብቻ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በአስተዋይነታቸውና በታማኝነታቸው የንጉሡን ዓይን ስለ ሳቡ፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከአንዱ የአገልግሎት ደረጃ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ አደጉ። ኋላ በዐድዋ በመድፈኛነቱ ስሙ የገነነው ባልቻ ሣፎም በተመሳሳይ መንገድ፣ ከምርኮኛ ልጅነት ተነሥቶ ለደጃዝማችነት የበቃ ነው። የዚያ ዘመን የሸዋ ጦር ለዘር ሐረግ ብቻ ሳይሆን ለችሎታም በር የሚከፍት እንደ ነበረ የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ይመሰክራል።

የሀብተ ጊዮርጊስ የፈረስ ስም አባ መላ ነበር። ስሙም ሰውየውን በሚገባ የሚገልጽ ሆኖ ተገኝቷል። በጦር ሜዳ ከጉልበት ይልቅ ብልሃትን የሚያስቀድሙ፣ በችሎት ደግሞ ነገርን ከሥሩ መርምረው ፍርድ የሚሰጡ ሰው በመሆናቸው ዝናቸው በሁለቱም በኩል ወጣ። የፍርድ ብልሃታቸውን የሚያወሱ ጨዋታዎች ከእርሳቸው ሞት በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመንደሩ ሲተረኩ ኖረዋል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱ የፊት ጦር አዛዥ የነበሩት ጀግናው ፊታውራሪ ገበየሁ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጎራው፣ በጦርነቱ ላይ ወደቁ። በእርሳቸውም ቦታ ሀብተ ጊዮርጊስ ተሾሙ። ፊታውራሪ የሚለው ማዕረግ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ለወጣት አንባብያን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሠራዊቱ ሲጓዝም ሆነ ሲሰፍር ሥርዓት ነበረው። ፊታውራሪው ከፊት ይመራል፤ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይቆማል፤ የኋላውን ደጀኑ ይጠብቃል። በመካከል፣ በንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር ደግሞ መሐል ሰፋሪ ይባላል። በዚህ መሐል ሰፋሪ ውስጥ ጋሻ ጃግሬው፣ ጠመንጃ ያዡ፣ መድፈኛውና ዘበኛው ሁሉ ይገኙበታል። ሀብተ ጊዮርጊስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ራስ ሳይባሉ በፊታውራሪነታቸው ጸንተው ኖሩ። ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ በመሆናቸው፣ ራስ የተባሉት መኳንንት እንኳ ፊታቸው ሲቆሙ ቃላቸውን መጥነው የሚናገሩላቸው ሰው ነበሩ።

ከዐድዋ ድል ጥቂት ጊዜ በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ዘምተው ያን ሰፊ አገር በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሥር አስገቡ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ከምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ሰሜን ይገፋ ስለ ነበር፣ ዘመቻው የደቡቡን ወሰን ለመለየት መሠረት ሆነ። በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የወሰኑ ውል የተፈረመው በ1900 ዓ.ም. ነው።

ወታደሩን ማን ይቀልብ ነበር?

የሀብተ ጊዮርጊስን ሥልጣን ምንጭ ለመረዳት የዚያ ዘመን ሠራዊት በምን ይኖር እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። ያ ሠራዊት በአብዛኛው በወር ደመወዝ የሚኖር አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለው ድርጎና ቀለብ ይሰፈርለታል። በየግዛቱ የተመራው ደግሞ እንደ ማዕረጉ መጠን ገባር ይሰጠዋል። ገባሩ እህሉን ይሰፍራል፤ ማሩን ያገባል፤ እንጨቱን ይለቅማል፤ የወታደሩን ቤት ይሠራል፤ እርሻውንም ያርሳል። በተለይ በዘመቻ በተያዙት በደቡቡና በምዕራቡ አገሮች የገባሩ ሸክም እጅግ የከበደ ነበር። የመንግሥቱን ጦር ያቆመው የእነዚህ ገበሬዎች ጉልበት ነውና፣ የጦሩን ታሪክ ስንጽፍ እነርሱን ብንዘነጋ ታሪኩን በግማሹ ብቻ የጻፍን እንሆናለን። ቦረናን ጨምሮ ሀብተ ጊዮርጊስ በያዙት ግዛትም የነበረው ሥርዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከዚህ ሥርዓት ሌላም ነገር ይከተላል። ወታደሩ እንጀራውን የሚያገኘው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ገባር ከመራው ጌታው እጅ ስለ ሆነ፣ ታማኝነቱም ለጌታው ነበር። ብዙ ግዛት ያለው መኰንን ብዙ ጭፍራ ይኖረዋል፤ ብዙ ጭፍራ ያለውም በመንግሥቱ ጉዳይ ላይ ድምፁ ይሰማል። ንጉሠ ነገሥቱ ጠንካራ በሆኑ ጊዜ ይህ ሁሉ ኃይል በአንድ እጅ ይያዛል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲደክሙ ግን እያንዳንዱ ጌታ ራሱን የቻለ ጦር ይሆናል። የዐፄ ምኒልክ ሕመም ያመጣው ችግር ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች

ዐፄ ምኒልክ ጤናቸው እየታወከ በሄደ ጊዜ፣ መንግሥታቸው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በማሰብ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በዚያች ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያ ጊዜ፣ ጦሩ ከሌሎች የመንግሥት ሥራዎች ጎን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ተቆጠረ።

አሳቡ መልካም ነበር። ሥራው ግን በወረቀት እንደ ተጻፈው አልሄደም። ሌሎቹ ሚኒስትሮች ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ቢኖራቸውም ከበስተጀርባቸው የሚቆምላቸው ጦር አልነበራቸውም፤ ወይም ከእርሳቸው ጋር የሚመዛዘን አልነበረም። የጦር ሚኒስትሩ ግን የራሳቸው ግዛት፣ የራሳቸው ጭፍራና የራሳቸው መሣሪያ ነበራቸው። ስለዚህ በአንድ ጉባኤ ላይ እኩል ቢቀመጡም እኩል አልነበሩም። የሲቪሉ ሹም ቃል በሕግ የሚጸና ሳይሆን፣ የጦሩ አለቃ እስከ ፈቀደ ድረስ የሚጸና ቃል ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ደግሞ ሞግዚትና እንደራሴ አድርገው ሰየሙ። በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ በመንግሥት ሥራ ላይ እጃቸውን እያጠነከሩ፣ ሹም ሽሩን እየመሩ ሄዱ። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና የመሐል ሰፋሪ አለቆች ተማክረው፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተለይተው ታማሚውን ንጉሠ ነገሥት በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ። ከዚህ ምክር ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ጦሩ ተሰልፎ በቤተ መንግሥት ውስጥ ማን እንደሚያዝ የወሰነበት፣ በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ጊዜ ይኸው ነው።

በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ በድንገት ሞቱ። ወዲያውም ራስ አባተ ቧ ያለው በቤተ መንግሥቱና በመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ላይ እጃቸውን ለማሳረፍ ተነሡ። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘ አገሩን እንደሚይዝ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ጦራቸውን አቁመው ተከላከሉ። በዋና ከተማይቱ መካከል ደም ሊፈስ ሲቃረብ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ገብተው ነገሩ በሽምግልና በረደ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። ሁለት የጦር አለቆች ሲፋጠጡ የሚዳኛቸው ሕግ ወይም ሸንጎ አልነበረም፤ የነበረው የሽማግሌ ልመናና የቄስ መስቀል ነው።

ከሰገሌ እስከ መሐል ሰፋሪ አድማ

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ አገሩን ያዙ። ወጣቱ መስፍን የአያታቸውን ሹማምንት ወደ ጎን እየተዉ፣ ከዋና ከተማይቱ ርቀው መዞርን ስላዘወተሩ፣ የሸዋ መኳንንት ቅር እያላቸው ሄደ። በመጨረሻም ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ ቀርቦባቸው፣ መኳንንቱ፣ መሐል ሰፋሪውና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰብስበው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሻሯቸው። የዐፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በጦር ሚኒስትርነታቸው ጸኑ።

የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ብዙ ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሏቸው። በዚያች የጭንቅ ሰዓት ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላነታቸውን አሳዩ። ጦራቸው ተሰብስቦ እስኪደርስ ድረስ የንጉሡን ጉዞ በመልእክት እያዘገዩ ጊዜ እንደ ገዙ ሲነገር ኖሯል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠር የአገር ልጅ በሜዳው ላይ ቀረ። አዲሱ መንግሥት የቆመው በዚህ ድል ነው፤ ድሉም በአብዛኛው የጦር ሚኒስትሩ ሥራ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ክረምትም እንደ ገና ወደ ወሎ ዘምተው የኢያሱን ደጋፊዎች በተኑ።

ከዚህ በኋላ በአገሪቱ ላይ ሦስት ኃይሎች ቆሙ። የዘውዱ ክብር በንግሥቲቱ፣ የዕለት ተዕለት የመንግሥት ሥራና የውጭ ግንኙነት በአልጋ ወራሹ፣ ጦሩ ደግሞ በሀብተ ጊዮርጊስ እጅ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ሦስቱ ካልተስማሙ ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በ1910 ዓ.ም. የሆነው ነገር የዚህ ታሪክ ዋና ክፍል ነው። መንግሥቱን ያነገሠው ጦር መሆኑን የመሐል ሰፋሪው ወታደሮች አልዘነጉም። ያነገሠ ሰው ደግሞ መሻርም እንደሚቻለው ማሰቡ አይቀርም። ወታደሮቹና አለቆቻቸው ተሰብስበው በሚኒስትሮቹ ላይ ክስ አቀረቡ። ሚኒስትሮቹ ጉቦ ይበላሉ፣ ለራሳቸው ያከማቻሉ፣ የአገሩን ሥራ አጕላልተዋል አሉ። ሁሉም ከሥልጣናቸው እንዲነሡም ጠየቁ። ክሱ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ሹመትን እንደ ግል ሀብት የሚቆጥር ሹም በዚያ ዘመን ጥቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀረበው በችሎት ሳይሆን በጠመንጃ ስለ ነበር፣ መንግሥቱ እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። ሚኒስትሮቹ በጅምላ ተሻሩ። ከእነርሱ መካከል ሳይነካ የቀረው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ።

ለምን ቀሩ? ወታደሩ እንደ ራሱ ሰው ስለሚቈጥራቸው ነው ቢባል እውነት ነው። ብዙ ጦር ስለ ነበራቸው የሚደፍራቸው አልነበረም ቢባልም እውነት ነው። እኛ ግን ሦስተኛ ምክንያት እንጨምራለን። ሀብተ ጊዮርጊስ ከንጉሥ ዘር ባለመሆናቸው ለዙፋን የሚያሰጋ ሰው አልነበሩም። ንግሥቲቱም፣ አልጋ ወራሹም፣ ወታደሩም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሦስቱም ወገኖች ሌላውን ለመግታት እርሳቸውን ይፈልጓቸዋል። ሌላ ሰው ያን ጊዜ የወታደሩን ቁጣ ተንተርሶ አገሩን ለመጠቅለል ይሞክር ነበር። እርሳቸው አልሞከሩም። የወታደሩን አድማ በግንባር ቀደምነት አልመሩትም፤ በጦርም አልመቱትም። የፈሰሰው ማዕበል እስኪያልፍ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ጠበቁ።

ይህ ትዕግሥት አገሩን ከሌላ ሰገሌ አድኖት ሊሆን ይችላል። ዋጋ ግን ነበረው። በዚያ ቀን ወታደሩ አንድ ትምህርት ተማረ፤ ሚኒስትርን በሰልፍ መሻር እንደሚቻል። የሲቪሉም ሹም አንድ ትምህርት ተማረ፤ ከበስተጀርባው ጦር የሌለው ሚኒስትር ምንም እንዳልሆነ። ከሁለቱም የበለጠ የተማሩት ግን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። በመሐል ሰፋሪው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ መንግሥት እንደማይጸና ስለ ተረዱ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚታዘዝ፣ በአዲስ ሥልት የሠለጠነ ጦር ማደራጀት ያዙ። ኋላ ክብር ዘበኛ የተባለው ጦር ሥሩ ከዚህ ዘመን ይጀምራል።

ሚዛኑ ሲፈርስ

በሚቀጥሉት ዓመታት ሀብተ ጊዮርጊስ ከንግሥቲቱ ጎን የሚቆሙ፣ አሮጌውን ሥርዓት የሚጠብቁ ሰው ሆነው ታዩ። አልጋ ወራሹ አገሩን ለውጭው ዓለም ለመክፈት ሲፋጠኑ፣ እርሳቸው የባዕዳንን ዓላማ በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው ወደ አውሮፓ ሲጓዙ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ከንግሥቲቱ ጋር አገር ጠባቂ ሆነው ቀሩ። አልጋ ወራሹ ለወራት ከአገር ሲርቁ በአዲስ አበባ አንዳች ሁከት አለመነሣቱ፣ ሽማግሌው የጦር ሚኒስትር ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው እንደ ነበሩ ያሳያል። ባላንጣቸው በሌለበት ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ቢፈልጉ የሚያግዳቸው ጦር አልነበረም።

ነገር ግን ጥንቃቄያቸው ሁሉ ለአገር ጠቅሟል ብለን አንጽፍም። የገባሩ ሥርዓት በዘመናቸው አልተነካም። ወታደሩ ከጌታ እጅ ወጥቶ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በደመወዝ እንዲኖር፣ በአንድ ሕግና በአንድ ሥልጠና እንዲመራ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት አልተቋቋመም። የጦር ሚኒስትር ነበሩ እንጂ፣ በዘመናዊ አነጋገር የጦር ሚኒስቴር አላቆሙም። መሥሪያ ቤቱ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ይህም በሞታቸው ጊዜ ተገለጠ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. አረፉ። ለብዙ ዘመን በመኳንንቱ መካከል አስታራቂ የነበሩት አቡነ ማቴዎስም ከእርሳቸው ጥቂት ቀደም ብለው አርፈው ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያ ሚዛን ሁለት ምሰሶዎቹን አጣ። ራስ ተፈሪ የሟቹን ጦርና ግዛት በእጃቸው አደረጉ። የጦር ሚኒስቴር ቋሚ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ጦሩ ለተተኪው ሚኒስትር በተላለፈ ነበር፤ የአንድ ሰው ስለ ነበረ ግን እንደ ውርስ ለበረታው ወገን ተላለፈ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ብዙ ጦር አስከትለው ከሲዳሞ መጥተው በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሩ፤ ጦራቸው በገንዘብና በማባበል ከሥራቸው ተበትኖ ያለ ውጊያ ተሻሩ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ አለቃ ደጃዝማች አባ ውቃው ብሩ ለንግሥቲቱ ተቈርቍረው ቢነሡም ተይዘው ታሰሩ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ ከሞቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ዘውዱ፣ ማኅተሙና ጦሩ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለሉ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ይህን አጸና። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ በስዊድን መኰንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከእርሳቸው በኋላ

የሀብተ ጊዮርጊስ ታሪክ በሞታቸው ቢያበቃም፣ የቆሙበት ጥያቄ አላበቃም። መሐል ሰፋሪውን ለመተካት የተቋቋመው ክብር ዘበኛ፣ በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ እየተመራ በዚያው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሣ። የቀረው ጦር አድማውን ቢያከሽፈውም፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተገደሉ። ለአንድ ሰው ብቻ እንዲታዘዝ የተሠራ ጦር፣ ያን ሰው የሚከዳበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሀብተ ጊዮርጊስ ከብዙ ዓመታት በፊት በዘመቱበት በቦረና ምድር፣ በነገሌ ከተማ የሰፈረው ጦር በምግብና በውኃ ችግር ምክንያት አደመ። ጥያቄው የቀለብ ጥያቄ ነበር፤ ያ አሮጌ ጥያቄ፣ ወታደሩን ማን ይቀልባል የሚለው። ከነገሌ ወደ ሌሎቹ ጦር ሰፈሮች ተዛመተ። በየካቲት ወርም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ሚኒስትሮችን ካስወረደ ከ56 ዓመታት በኋላ፣ ሚኒስትሮች በወታደር ግፊት እንደ ገና ወረዱ። በዚህ ጊዜ ግን በቦታው ቀርቶ ሚዛን የሚጠብቅ አባ መላ አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ፤ አገሪቱም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከጦሩ በወጡ ሰዎች እጅ ቆየች።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ደነገገ። የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ከተሾሙ ከ87 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ድንጋጌው በጽሑፍ መኖሩ ብዙ ነው። በጽሑፍ መኖሩ ብቻ ግን በቂ አለመሆኑን ከ1900 ዓ.ም. ድንጋጌ ተምረናል።

በአዲስ አበባ ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ድልድይ በሀብተ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል። በላዩ የሚተላለፈው ሕዝብ ሁሉ የሰውየውን ታሪክ ያውቃል ለማለት ያስቸግራል። ስሙ ግን ለእርሳቸው ተስማሚ ነው እንላለን። በጦሩና በመንግሥቱ መካከል ለ19 ዓመታት ድልድይ ሆነው ኖረዋልና።

ታዲያ ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ፍርዳችን ምንድን ነው? ጦር እያላቸው ዙፋን ያልተመኙ፣ ኃይል እያላቸው ቃላቸውን የጠበቁ ሰው በመሆናቸው ክብር ይገባቸዋል። በየዘመኑ የተነሡ የጦር አለቆች ይህን አንድ ባሕርያቸውን ቢወርሱ ኖሮ ብዙ እናቶች ባላለቀሱ ነበር። ጉድለታቸው፣ ምናልባትም የዘመናቸው ጉድለት፣ ያን መልካም ባሕርይ ከራሳቸው በኋላ የሚኖር ሥርዓት አድርገው አለመተዋቸው ነው። የአንድ ሰው ታጋሽነት አገርን ለ19 ዓመታት ሊያቆም ይችላል፤ ሰውየው ግን ይሞታል። ወታደሩ በአለቃው መልካምነት ሳይሆን በሕግ ሲታዘዝ፣ ደመወዙንና ስንቁንም ያለ ልመና ከመንግሥት ሲያገኝ፣ የሲቪሉ ሹም በበኩሉ ሹመቱን ለሕዝብ ሥራ እንጂ ለግል ሀብት ሳያደርገው ሲቀር ብቻ፣ የአንዱ ሰው ሞት የመንግሥት መናጋት መሆኑ ይቀራል። ይህንም ወታደሩም የከተማው ነዋሪም እኩል ሊያስቡበት የሚገባ ነው።